አባዬ ሽማግሌ ላከብኝ

የካቲት 3 ቀን 1961 ዓ.ም.

እኔ ወይዘሪት ጠጅቱ ነገሳ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስምንት፣ አድራሻዬ ሰበታ፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የሚከተለውን የእምነት ቃል ሰጥቻለሁ፦ ይህን ደብተር ከመሥሪያ ቤቴ ቁም ሣጥን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ገጹ መቶ። አጠገቡ የነበረውን እርሳስም አንሥቻለሁ። እርሳሱ ግን አጭር ነበር… ለቅጣት ማቅለያ ይያዝልኝ።

እንዲህ የሚጽፉት አቶ ወንዳፍራሽ ናቸው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ። የጠፋች ዶሮ እንኳ በሳቸው እጅ ስትጻፍ «ከላይ ስሟ የተጠቀሰው ዶሮ» ትሆናለች። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸውና ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ምንም አዲስ ነገር የለም። ጠዋት ከተፍኪ በሚመጣው አውቶቡስ፣ ከዶሮና ከቅቤ ጋር ተጨንቄ አዲስ አበባ። ቀኑን ሙሉ ታይፕ። ማታ መልስ። አባዬ እንደ ልማዱ በሚጠብቀው ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ አውቶቡሱ ሲያልፍ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። ሹፌሩ ክላክስ ነፋለት። ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። ተማሪ ሳለሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ከመስኮቱ እጄን አውጥቼ አውለበልብ ነበር። አሁን አውቶቡሱ በሩ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስራለሁ።

ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

የካቲት 5

ወይዘሮ ወርቅውሃ መጡ። የምንኖርበት ቤት የሳቸው ነው። አሥራ አራት ዓመት ተከራይተነዋል፣ ከነሱ ውስጥ አሥሩን ጣራው ያፈስሳል። ልጃቸው ጋ አዲስ አበባ ሊጠቃለሉ ስለሆነ ቤቱን ይሸጡታል። ነጋዴው ዲኖ አፍርሶ መጋዘን ሊሠራበት ጠይቋቸዋል።

«እኔ ግን ቅድሚያ ለናንተ ብያለሁ» አሉ። «እስከዚህ ወር መጨረሻ።»

አባዬ ዝም ብሎ አልተቀመጠም ለካ። ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዶ ብድር የሚሰጠው ባንክ ሄዷል። ምን አሉት? ዕድሜዎ ገፍቷል፣ የዘበኛ ደመወዝም ብቻውን አይበቃም። ደመወዝተኛ ልጅ ካለዎት ግን ሁለታችሁም ፈርማችሁ፣ ቤቱ ራሱ መያዣ ሆኖ፣ በአሥራ አምስት ዓመት ትከፍላላችሁ።

ይህን ለኔ አልነገረኝም። እኔ እዚያው ተቀምጬ ለግድግዳው ነገረው። «ባንኩ… ልጅ ካለ ይቻላል አለ» አለው። እማዬ ወደኔ አየች። እኔ ወደ ጣራው።

አሥራ አምስት ዓመት! ሠላሳ ሦስት ዓመት ይሞላኛል ማለት ነው። በሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ይሰቀላል እንጂ የቤት ዕዳ ይከፍላል እንዴ? አባዬ አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ ሁሉም በኔ ላይ ነው። ሰበታ ላይ እንደ በሬ መታሰሬ ነው።

የካቲት 6

አባዬ ዛሬም ለግድግዳው ተናገረ። ግድግዳው አልፈረመም።

የካቲት 9፣ ቅበላ

ይህን ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

እማዬ የቅበላውን ወጥ አውጥታ ገበታ ልናቀርብ ስንል ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። አቶ ወንዳፍራሽ፣ የአባዬ አብሮ አደግ ኦቦ ኢቲቻ፣ እና ጆሯቸው የማይሰማው ባሻ ጥሩሰው። ተደርድረው ቆሙ። ሽማግሌ! ማን ልኮ ይሆን? የፖስታ ቤቱ ልጅ ከሆነ ይታያል። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ከሆነ በመስኮት ነው የምወጣው።

«አረፍ በሉ እንጂ» አለች እማዬ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ።

«ስለ ማን ነው የመጣችሁት?»

«ስለ ልጅቱ።»

«ከማን ተልካችሁ?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከኦቦ ነገሳ።»

«ከየትኛው ነገሳ?»

«ከባልሽ።»

እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባዬ ሽማግሌ ላከብኝ! በገዛ ቤቱ! ለገዛ ልጁ! እሱ ራሱስ የት አለ? «አጥሩን ላበጃጅ» ብሎ ከወጣ ቆይቷል። በመስኮት አየሁ። ባርኔጣው ከአጥሩ በላይ ይታያል። አይንቀሳቀስም። ጆሮ ቢኖራት ኖሮ ወደኛ ትዘም ነበር።

«አባት ልጁን አይለምንም» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። «አፉ አይፈታለትም። ስለዚህ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የሱን ልመና እኛ ተሸክመን መጣን። ባንኩ ጋ አብረሽው ፈርሚ።»

ባሻ ጥሩሰው ሠርግ መስሏቸዋል። «ወንድ ልጅ ታቀፊ!» ብለው መረቁኝ።

ወጡ ይሸታል። ነገ ጾሙ ይገባል፣ ሥጋ የሚባል ነገር ከዛሬ በኋላ እስከ ፋሲካ የለም። ኦቦ ኢቲቻ እኔን እያናገሩ የሚያዩት ድስቱን ነው። ሰይጣን መጣብኝ። ባስቆማቸውስ?

«ወለዱ ስንት ነው?» አልኩ።

አቶ ወንዳፍራሽ አብራሩ። ረጅም ነበር።

«ከሥራ ብወጣስ?»

አብራሩ። ድስቱ መቀዝቀዝ ጀመረ። የባሻ ጉልበት ይንቀጠቀጣል።

«አባዬ ቢሞትስ? ብቻዬን ልከፍል ነው?»

የአባዬ ባርኔጣ ከአጥሩ በላይ ትንሽ ዝቅ አለች።

ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። «አስብበታለሁ» አልኩ። ይህ እሺ ነው እንቢ? ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ አቶ ወንዳፍራሽ በየኑ፦ «ጉዳዩ ተቀጥሯል። በቀጠሮ መካከል መቀመጥ አይከለከልም።» ከአፋቸው ሳይጨርሱ ኦቦ ኢቲቻ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

አባዬ ዘግይቶ ገባ። «እንዴ! እንግዳ አለ?» አለ።

ሳቅኩ። እማዬም ሳቀች። ግን አሁን ብቻዬን ስሆን… ሰው ለገዛ ልጁ ሽማግሌ የሚልከው ምን ያህል ቢፈራት ነው?

የካቲት 13

ጓደኛዬ አትክልት የሚከራይ ክፍል አግኝታለች። አጠገቤ የምትቀመጠው ታይፒስት ናት፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጸጉሯን የምትሠራ። ክፍሉ ከመሥሪያ ቤታችን በእግር አምስት ደቂቃ ነው። በረንዳ አለው። ኪራዩን ለሁለት እንካፈል አለችኝ። ዶሮ የለ፣ አውቶቡስ የለ፣ በር ላይ ሰላምታ የለ!

«አባትሽ ይፈቅዱልሻል?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ሁለተኛ የእምነት ቃል መስጠት አለብኝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አባትሽ ምን ይሠራሉ ስትለኝ «ፋብሪካ ውስጥ ትልቅ ኃላፊነት አለው። ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ አስኪያጁም አይገባም» ብያታለሁ።

«ኧረ በናትሽ! ዋናው አለቃ ናቸው?»

ዝም አልኩ። የተናገርኩት ቃል በቃል እውነት ነው። በሩን የሚከፍተው ማን ሆነና! ዝም ማለት ደግሞ ውሸት ነው? አቶ ወንዳፍራሽን እጠይቃለሁ።

ለማንኛውም ወሰንኩ። አልፈርምም። ቅዳሜ ለአባዬ እነግረዋለሁ።

የካቲት 15

ቅዳሜ መጣ። አልነገርኩትም። ሊወጣ ሲል ጫማውን በጥላሸትና በዘይት ሲቀባ አየሁት። ለምንድን ነው?

የካቲት 18

መጻፍ አልፈልግም። እጽፋለሁ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ አትክልት ከበሩ ጠራችኝ። «ጠጅቱ፣ አንድ አባት ይፈልጉሻል።»

ኋላዋ ቆሟል። የፋብሪካውን ካፖርት እስከ አንገቱ ቆልፎ። ባርኔጣውን ብብቱ ሥር ይዞ። ጫማው ያበራል፣ ካልሲ የለውም። በእጁ ፖስታ። ባንኩ የሁለታችንንም የደመወዝ ማስረጃ ስለሚፈልግ የራሱን አስጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ነው የመጣው። የኔን ጨምሬበት እንድወስድለት። አስብበታለሁ ስላልኩ… ቀኑ ስለደረሰ… ደመወዙ የሚቆረጥበት ፈቃድ ወስዶ፣ በአውቶቡስ መጥቶ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ታይፕ ሁሉ ቆመ።

«ማን ናቸው?» አለች አትክልት።

«የቤታችን ዘበኛ ናቸው።»

እንዲህ ነው ያልኩት። አልተንተባተብኩም። በዕድሜዬ አባዬን አንቱ ብዬው አላውቅም። የዛሬው አንቱታ ለመካድ ነው።

አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ እግሩን ገጠመና እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ለአውቶቡሱ እንደሚሰጠው ሰላምታ።

«አዎን ወይዘሪት» አለኝ። «ጌታዬ ይህን አድርስ ብለውኝ ነው። ይቀበሉኝ።»

ፖስታውን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። በአንድ እጄ!

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የኋሊት እየተራመደ ወጣ። ጀርባውን እንኳ አላዞረብኝም።

«ደግ ሰው ይመስላሉ» አለች አትክልት ወደ ታይፗ እየተመለሰች። «አባትሽ ሰው መቅጠር ያውቃሉ።»

የካቲት 19

ትናንት እራት ላይ እማዬ ጠየቀችው። «እህ፣ መሥሪያ ቤቷ እንዴት ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ጠበቅኩ።

«ኧረ ተዪኝ!» አለ። «ወንበር ሰጡኝ። ሻይ አመጡልኝ፣ በሸክላ ሲኒ። ጠጅቱ አባቴ ነው ብላ ላንድ ላንዱ አስተዋወቀችኝ። አንደኛው ሰውዬማ ተነሥቶ ነው የጨበጠኝ።»

«አላልኩህም!» አለች እማዬ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ትልቁን የድንች ቁራጭ አንሥታ በኔ በኩል አደረገችው።

ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንዲህ መዋሸት የት ተማረ?

የካቲት 21

ዛሬ አውቶቡሱ በሩ ጋ ሲደርስ አላጎነበስኩም። ቀና ብዬ በመስኮት ጠበቅኩት።

ፊቱን አዞረ። ሹፌሩ ክላክስ ነፋ፣ ደገመ። አባዬ የበሩን ቁልፍ የሚፈልግ መስሎ ኪሱን ይዳብስ ነበር።

የካቲት 23

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ተናገረ። ለግድግዳው አይደለም። ለሁላችንም።

«ሱሉልታ ወንድሜ ገርባ ግቢ አንድ ክፍል አለ። እዚያ እንገባለን። ወይዘሮ ወርቅውሃ ለዲኖ ይሽጡለት።»

«ሥራህስ?» አለች እማዬ።

«ከሱሉልታ ሰበታ እየተመላለስኩ በር አልጠብቅም። ይበቃኛል።»

ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። እማዬ ወደ ጓዳ ስትገባ «አባዬ፣ እፈርማለሁ» አልኩት።

«ተዪው ኢንተላ ኮ።»

«እውነቴን ነው!»

«ባንክ ቤት ሰው ይበዛል» አለ ቀስ ብሎ። «እናንተ ምንና ምን ናችሁ ብለው ይጠይቃሉ። ምን ትያቸዋለሽ?»

አልተቆጣም። ምናለ ቢቆጣ! ምናለ አርጩሜ ቆርጦ ቢመጣ!

የካቲት 24

እማዬ ዕቃ መሸከፍ ጀምራለች። ለምን እንደሆነ የምታውቅ አይመስለኝም። «አባትሽ ምን ነካው?» አለችኝ። አላውቅም አልኩ። ሌላ ውሸት።

እኔም ልለምነው አፌ አይፈታልኝም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ስለ ጣራው አወራሁ። እንግዲህ የማን ልጅ ነኝ?

የካቲት 25

አልሄድኩም ሥራ። አሞኛል አልኩ፣ ይህኛው ግማሽ እውነት ነው። ዛፉ ሥር ሄድኩ። ኦቦ ኢቲቻና ባሻ ጥሩሰውም አሉ፣ ጡረታቸው እዚያ ነው።

«ሽማግሌ ሁኑልኝ» አልኳቸው።

«ወደ ማን?» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ ብዕራቸውን እያነሡ።

«ወደ አባዬ።»

ኦቦ ኢቲቻ ሳቁ። «ቤተሰቡ እርስ በርሱ ሽማግሌ እየተላላከ ሊጨርሰን ነው!»

«ሽማግሌ ጥፋቱን ሳያውቅ አይሄድም» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ። «የጥፋቱን ዝርዝር ተናገሪ።»

ተናገርኩ። ሁሉንም። ታይፑ እንደቆመ፣ በአንድ እጄ እንደተቀበልኩ። አቶ ወንዳፍራሽ ብዕራቸውን ከደኑት። ቀልድ የሚያመጡ መስሎኝ ነበር። አላመጡም። ኦቦ ኢቲቻ ወደ ሌላ በኩል ዞረው ረጅም ጊዜ ሱረታቸውን ሳቡ።

«ምን አለች?» አሉ ባሻ ጥሩሰው።

ባሻ ካልሰሙ ደግሞ አይሄዱም። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ ነገርኳቸው።

«አልሰማሁም!»

«አባቴን ዘበኛችን ነው አልኩት!»

የፍርድ ቤቱ ባለጉዳይ ሁሉ ዞረ። የጽጌ ማርያም ዕድርተኞች፣ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሳይቀር።

«እና?» አሉ ባሻ። «ዘበኛ አይደለም እንዴ?»

«አባቴ አይደለም አልኩ፣ ባሻ! አባቴን አላውቀውም አልኩ!»

ይህን ጮኼ ነው ያልኩት። ሰበታ ሁሉ ሰማ። ባሻ ምርኩዛቸውን ፈልገው ከሁሉም ቀድመው ተነሡ።

የካቲት 26

ሄዱ። እኔ ውጭ ቀረሁ። አጥሩ ሥር፣ አባዬ የቆመበት ቦታ ላይ። ከዚያ ሁሉም ነገር ይሰማል ለካ! ያን ቀን «ቢሞትስ» ስል…

«ተቀመጡ» ሲል ሰማሁት።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ። የጽሑፋቸው ቋንቋ የት እንደገባ እንጃ፣ እንደ ሰው ተናገሩ። «ነገሳ፣ ልጅህ በድላሃለች። ይቅር በላት። ባንኩም ጋ አብረሃት ሂድ።»

«አልበደለችኝም። ዘበኛ ነኝ፣ ዘበኛ አለችኝ።»

እማዬ «ምንድን ነው የምትሉት?» አለች። አቶ ወንዳፍራሽ ባጭሩ ነገሯት።

«ቂም ይዘሃል» አሉ ኦቦ ኢቲቻ።

«አልያዝኩም። ልጅ ናት። አሥራ አምስት ዓመት እኔን ተሸክማ… እዚያ ጓደኞቿ አሉ፣ የምትፈልገው ኑሮ አለ። ሽማግሌ መላኬ ራሱ ስህተት ነበር። እንቢ ማለት እንዳትችል አድርጌ ነው የላክኋችሁ።»

ኋላ ባሻ ጥሩሰው፣ ከተባለው ምንም እንዳልሰሙ፣ እንደ ልማዳቸው እየጮሁ፦ «ነገሳ! እኔ ጉልበቴ ዛለ። ልጅቱ አጥሩ ሥር ቆማለች፣ ሻሿ ይታየኛል። ያን ቀን ያንተም ባርኔጣ ይታየኝ ነበር። ምን ሆናችሁ ነው ተራ በተራ አጥር የምትጠብቁት?»

ኮቴ ሰማሁ። አባዬ ወጣ። ፊት ለፊቴ ቆመ፣ አጥሩ መካከላችን ሆኖ።

«አባዬ፣ አንተ አስገድደኸኝ አይደለም» አልኩት። ሌላም ብዙ አዘጋጅቼ ነበር። ጠፋኝ።

«ብርድ ነው» አለ። «ግቢ።» ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፦ «ዓርብ ፈቃድ ይሰጡሻል?»

እማዬ ለሽማግሌዎቹ ሽሮ አቀረበች። ለኔ አላቀረበችም። እውነቷን ነው።

የካቲት 27

ለአትክልት ነገርኳት። «ያን ቀን የመጡት… የመጣው… አባቴ ነው።»

መጀመሪያ የምቀልድ መሰላት። ኋላ ፊቷ ቀላ። «እኔ እኮ ወንበር እንኳ አልሰጠኋቸውም!» አለች። «እኔንም አሳፈርሽኝ፣ ታውቂያለሽ?» ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። የደመወዝ ማስረጃዬን ግን ራሷ ታይፕ አድርጋ፣ አስፈርማ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ወርውራው ሄደች። ክፍሉን ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች። በረንዳውን አንድ ጊዜ ማየት ነበረብኝ።

ደብተሩንም ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ተናዘዝኩ። ከደመወዝሽ ይቆረጣል አለኝ። ስለ እርሳሱ አላነሣም። እኔም አላስታወስኩትም።

የካቲት 28

ባንኩ ውስጥ ነን። ወረፋ። አግዳሚ የለም፣ በግድግዳው ዙሪያ የብረት ወንበር ተደርድሯል። እየጻፍኩ ያለሁት ጉልበቴ ላይ ነው።

ጠዋት አባዬ የቀኝ አውራ ጣቱን በሳሙና ሲያጥብ አገኘሁት። ደጋግሞ፣ በድንጋይ እየፈተገ። መጻፍ ስለማይችል የሚፈርመው በጣቱ ነው፤ አሻራው ጥርት ብሎ እንዲወጣ። ሌሎቹ ጣቶቹ እንደነበሩ ናቸው።

በሩ ላይ የባንኩ ዘበኛ አስቆመው። «አባት፣ መልእክት ከሆነ በጓሮ በኩል ነው» አለው። እኔ ገብቼ ነበር። ተመለስኩ።

«አባቴ ነው!» አልኩ።

በጣም ጮኼ ነው መሰለኝ። ዛፉ ሥር የጀመረኝ ጩኸት ገና አልለቀቀኝም። አዳራሹ ሁሉ ዞረ፣ ገንዘብ የምትቆጥረው ሴትዮ ሳትቀር። ዘበኛው ደነገጠ። አባዬ ግን እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠው፣ ዘበኛውም መለሰለት። ሁለቱ ተግባቡ። እኔ ብቻ መሐል ላይ ቀልቼ ቀረሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ… አሁንም ከኔ ሁለት ወንበር አልፎ ነው የተቀመጠው። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ። አውራ ጣቱን ምንም እንዳይነካው ቀና አድርጎ ይዞታል። ሰው ሲያልፍ እግሩን ይሰበስባል። ሁለቱን ወንበር ባዶ የተወው ለማን ነው? ለኔ ነው። ማንም ምንም እንዳይለኝ ነው።

አሥራ አምስት ዓመቱን አሁንም እፈራዋለሁ። ተነሥቼ አጠገቡ መቀመጥ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ብሄድና ቢሸሽስ? «ይቀመጡ ወይዘሪት» ብሎ ተነሥቶ ቢቆምልኝስ? ለዚህ ነው ደብተር ያወጣሁት። ስጽፍ ሥራ ያለኝ እመስላለሁ። ልክ እንደ ጫማ ማሰሩ…

መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ አንገቱን አውጥቶ «ነገሳ! ኦቦ ነገሳ ማናቸው? ከማን ጋር ነው የሚበደሩት?» ይላል። አባዬ ተነሣ። ወደ ሰውዬው አይደለም የሚያየው። ወደኔ ነው። ጽሕፈቴን አየ። ተያዝኩ…

«ጠጅቱ!»

እሱ ነው የጠራኝ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ፣ ልክ በልጅነቴ ማታ ማታ ከሜዳ እንደሚጠራኝ።

«አንቺ ጠጅቱ! ምንድን ነው የምትሞነጫጭሪው? ነዪ ወዲህ!»